መረብ ጣሪያ ያላት ድንኳን

አዲስ ላስቲክና አዲስ ጨርቅ ተደባልቀው የሚሸቱት ሽታ አለ። ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው። እኔን ግን ያመኛል። ባለፈው እሑድ ልጄ ማስተዋል ከጎንደር መጥታ፣ ገና ውኃ እንኳ ሳትጠጣ፣ ከሻንጣዋ አንድ ጥቅል አውጥታ መደቡ ሥር ስትዘረጋው ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። «ምንድን ነው እሱ?» አልኋት፣ እያወቅሁ። ድንኳን ነው። ከመሥሪያ ቤቷ ልጆች ጋር በሚመጣው ወር ስሜን ተራራ ልትወጣ ነው፤ ያውም በእግሯ፣ ድንኳኗን በጀርባዋ አዝላ። እዚህ መተማ ላባችን ከግንባራችን ሳይደርቅ የሚመሽልን ሰዎች ነን፤ የኔ ልጅ ብርድ በገንዘቧ ገዝታ ልትቀምስ ነው። እኛ ብርድ ብለን የምናውቀው የወባን ብርድ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይከፈልበት ቤት ድረስ ይመጣል። ይህን ብላት ሳቀችብኝ። የዛሬ ልጆች በቁም ነገር ይስቃሉ።

«አባየ፣ አንቱ ድንኳን ስለሚያውቁ ነው ያመጣሁት» አለችኝ። «ባለሱቁ ካልተስማማሽ መልሽው ብሎኛል። በጣም ቀላል ነው፤ ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለተራራ ይሆናል?» ሚስቴ የሺ በሩ አጠገብ ብርሃን ፈልጋ ተቀምጣ ሰሊጥ በሰፌድ ታበጥራለች። ቀና ብላ ድንኳኑን አየችና ወደ ሰሊጧ ተመለሰች። እኔ መነጽሬን አድርጌ ጨርቁን በሁለት እጄ ወጠርሁት። «ኪሎውን ተይው» አልኋት፤ «ኪሎ ሻጭ የሚያወራው ነገር ነው። መሸከሙ ቀላል የሆነ ሁሉ መተኛቱ ቀላል አይሆንም። መጀመሪያ ጣሪያውን እይ። ድርብ ነው? ደግ። ውስጠኛው ከውጭኛው ይነካካል? ከተነካካ የገዛ እስትንፋስሽ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠብብሻል። የውጭኛው እስከ መሬት ይውረድ፤ እዚያ ዝናብ ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ከጎንም ይመጣል። ቁመቱ አጠር ይበል፣ ነፋስ ረጅም ነገር አይወድም። ዘንጉን አጉብጠሽ ልቀቂው፣ ካልተመለሰ ጣይው።» እሷ ከስልኳ ያነበበችው ይመስላል፣ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። «ይህን ሁሉ የት ተማሩት?» አለች። የት ተማርሁት! ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። አንድ ሰው ነው ያስተማረኝ፤ ያስተማረኝም በመክዳት ነው።

ያኔ መተማ እንዲህ አልነበረችም። ገዥዎቹ ከተለወጡ ወዲህ ነው፣ ዓመቱን ግን እንዳትጠይቁኝ። የማስታውሰው ሻይ በስሙኒ እንደነበረ ነው፤ ስኳሩም ከሱዳን የመጣ፣ ደቃቅ፣ ብርጭቆው ሥር እንደ አሸዋ የሚቀር። ባጃጅ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ ዕቃ ያለው በአህያ ጋሪ፣ የሌለው በእግሩ። ትንሽ ብር የያዘ ጎረምሳ ሁሉ ነጭ ጀለቢያ ያሰፋና ከላዩ ኮት ደርቦ ከጉምሩኩ ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ ጉምሩኩ ይመላለሳል፤ ሥራ ኖሮት አይደለም፣ እንዲታይ ነው። እኔም አንድ ግራጫ ኮት ነበረኝ፤ በዚያ ሐሩር ለብሼው ስዞር የዛሬ ልጆች ቢያዩኝ ጨርቄን የጣልሁ ይመስላቸው ነበር። ወደ ሱዳን በሚያሻግረው ድልድይ አፍ ላይ ካለው ሻይ ቤት የሱዳን ካሴት ከጥዋት እስከ ማታ ይዘፍናል። ካሴቱ አርጅቶ ድምፁ ይጎተታል፤ እኛ ግን ዘፋኙ ከሐዘኑ ብዛት ሆን ብሎ የሚያስረዝመው ይመስለንና አብረነው እናዝን ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ዘፈን ሁሉም በየጆሮው ነው የሚሰማው፣ ለብቻው።

ሥራዬ ወጥ መሥራት ነበር። ወንድ ልጅ በወጥ ይተዳደራል ብሎ የሳቀብኝ ቁጥር የለውም፤ ሲርበው ግን ሁሉም ሳህኑን ይዞ ይመጣል። በአብደራፊ በኩል ካለ አንድ ትልቅ የሰሊጥ እርሻ ላይ፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉግ ለምንላቸው፣ በግማሽ በርሜል እሠራ ነበር። አምባው ከእነዚያ ሳሉጎች አንዱ ነው። የስሜን ሰው፤ እንደመጣ ሰሞን የሱፍ ኮፍያውን በዚያ ሙቀት አላወልቅም ብሎ ሜዳውን ሙሉ ያሳቀ። ወዲያው ወባ ጣለው። እኔ አጥሚት እያጠጣሁ አነሳሁት፤ ከዚያ ወዲያ እርሻው ሲያልቅ እንኳ አገሩ አልገባ ብሎ እኔና የሺ ዘንድ ከረመ። የመጀመሪያ ልጃችን ደምሌ ሲወለድ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። አበልጅ ሆን። አበልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለዛሬ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ወንድምህን ብትጣላ እናት ታስታርቅሃለች። አበልጅህን ግን መጀመሪያውኑ አትጣላም፤ በመካከላችሁ የቆመው ቄስና ጠበል ነው። አበልጁን የከዳ ሰው ዘሩ አይባረክም ሲባል ነው ያደግሁት።

ደምሌ በአራት ዓመቱ በወባ ሞተብን። ጥዋት ሲጫወት ነበር። እኔ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበርና ወደ ቤተ ክርስቲያን ተሸክሞ የወሰደው አምባው ነው፤ አፈሩን የመለሰውም እሱ። ዓመት ሳይሞላው የሺ ዳግመኛ አረገዘች፤ እኔም በልቤ ጨረስሁ። ይህኛውን ቆላ አይበላብኝም፤ ደጋ ወጥተን ይወለዳል። እንዴት እንደምወጣ ግን አላውቅም፤ መሬት የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። በዚህ መሐል አምባው ወሬ ይዞ መጣ። ደባርቅ ላይ ፈረንጅ ወደ ተራራ የሚያወጣ አንድ ድርጅት አለ፤ ወጥ የሚሠራ፣ ድንኳን የሚተክል ቋሚ ሰው ይፈልጋል፤ ደመወዙ በየወሩ፣ ቤቱ ደባርቅ። «ሁለታችሁም ለሙከራ ውጡ፤ ብርዱን የቻለውን አንዱን እናስቀራለን ብለዋል» አለኝ። «ሥራውማ ያንተ ነው አበልጄ። እኔ መንገዱን ላሳይህ ነው የምሄደው።» ለየሺ ስነግራት «እሺ» አለች። ሌላ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ ዕቃ ማሰር ጀመረች። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር።

ድርጅቱ በቅሎው የሚጭነው የእንግዳ ዕቃ ስለሆነ፣ ሠራተኛ የራሱን ቀላል ድንኳን ይዞ ይምጣ ብሎ ነበር። እና ከአምባው ጋር ከድልድዩ ማዶ ወዳለችው የሱዳኗ ገላባት ተሻገርን። እዚያ ሐጂ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፤ መንገደኛ ፈረንጅ ሲቸግረው የሸጠውን፣ ከወደብ የመጣውን፣ ከየትም የመጣውን ዕቃ ራኩባቸው፣ የሣር ዳሳቸው፣ ሥር ከምረው ይሸጣሉ። ሁለት አዳዲስ ድንኳን አወጡልን። አንደኛዋ ወፈር ያለች፣ ድርብ፣ ሁሉ ነገሯ ዝግ። ሁለተኛዋ ላባ ናት፤ ወለሏ ስስ፣ ጣሪያዋ መረብ፣ በመረቡ ላይ ጣል የምትደረግ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ያላት። እኔ መቼም ቆለኛ ነኝ። ድንኳን እንዴት ይመረጣል? ገብተህ ተኝተህ ነዋ። በቀትር ሁለቱንም አስተከልሁ። ዝጓ ውስጥ ብገባ የዳቦ ምድጃ ሆነችብኝ፤ ሸሚዜ ሰውነቴ ላይ ተጣብቆ ወጣሁ። መረቧ ውስጥ ስጋደም ግን ነፋሱ ሽው ሲል እንቅልፍ ሊወስደኝ ምንም አልቀረው። ሐጂ ከዱላቸው ጋር ብቅ ብለው «ያኛው ጥሩ፣ ለብርድ ያኛው ጥሩ» አሉኝ ዝጓን እያሳዩ። ዋጋዋ ከፍ ያለው እሷ ነበረችና፣ ነጋዴ ናቸው፣ ምን ይበሉ ብዬ አለፍሁት። ቢሆንም ጥርጣሬ ገባኝ። እጄን ዝጓ ላይ አሳርፌ ወደ አምባው ዞርሁ። «አንተ ብርድ የምታውቅ፣ የትኛዋ ትሁን?»

አምባው እጄን ያዘ። ያዘና ከዝጓ ድንኳን ላይ አንስቶ መረቧ ላይ አሳረፈው። «አበልጄ» አለኝ፣ «በተራራ ላይ ነፋስ የሚከለክል ነገር ይቀደዳል። የሚያሳልፈው ነው የሚቆመው።» ይህ ነገር እኔን ጥርት አድርጎ ገባኝ፤ የቆላ ሰው ሁሉ ይገባዋል። አውሎ ሲመጣ ቆርቆሮ ቤቱ ነው ጣሪያው የሚነቀል፤ የሣር ራኩባው ነፋሱን በጎን በጎኑ አሳልፎ ቆሞ ያድራል። ይህንን ሳየው አድጌ፣ ብርድና ነፋስ አንድ ጌታ ያላቸው መስሎኝ፣ የአገሩ ልጅ ብሎኝ፣ ምኑን ልጠርጥር? ከፈልሁ። መረቧን በአንድ ክንዴ አንጠልጥዬ እየተኩራራሁ ድልድዩን ተሻገርሁ። አምባው ትንሽ ጉዳይ አለኝ ብሎ ወደ ኋላ ቀረ።

ስሜንን ላላየ አልነግረውም፤ ያየም አይጠይቀኝ። አውቶቡሱ ከሸሕዲ ተነስቶ ዳገት በወጣ ቁጥር ኮቴ ቀስ በቀስ ኮት መሆን ጀመረ። ተራራው ላይ እንደደረስን የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ቻልኋቸው፤ እሳቱ ዘንድ ነኛ፣ ወጥ ሠሪ፤ ሌሊቱንም እዚያው አድራለሁ። አምባው ድንኳኑን ከበቅሎዎቹ ወዲያ ሲመሽ ስለሚተክል አይቼው አላውቅም። ፈረንጆቹም ወጤን ወደዱት። ልቤ በደስታ ቤት መከራየት ጀምሮ ነበር፤ ማጀቱ በዚህ በኩል፣ የልጁ አልጋ በዚያ በኩል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቂት ልረፍ ብዬ ድንኳኔ ገባሁ። ጉሙ መጣ፤ ከጉሙ ኋላ ነፋሱ፣ ከነፋሱ ኋላ በረዶው። ከላይ የምትደረበዋን ቁራጭ ነፋሱ መጀመሪያውኑ ወደ ገደሉ ይዟት ሄደ። በረዶው መረቡ ላይ ይከመር ጀመር። መረቡ እንደ ሞላ ከረጢት ሆዱን እየጣለ፣ እየጣለ መጣና ተተረተረ፤ ያ ሁሉ ደረቴ ላይ ወረደ። ልነሳ ብል ጣቶቼ የኔ አልሆኑም። መጮኼን አላውቅም። የማውቀው አምባው በሩ ላይ መሆኑን ነው። ጋቢ ይዞ ነበር። ከደጃፉ የራቀ ሰው አይመስልም፤ ወዲያው ነው የደረሰው። ጠቅልሎ ታቅፎ ወደ ራሱ ድንኳን አስገባኝና እግሬን በእጁ እያሸ፣ በአፉ እየተነፈሰበት፣ ያለቅሳል። «አበልጄ፣ አይዞህ፣ አበልጄ።»

ሙቀቱ ሲመለስልኝ ያ ሽታ ነው መጀመሪያ የመጣልኝ። አዲስ ላስቲክ። ጣሪያውን አየሁት። ድርብ ነው። ነፋሱ በውጭ ያገሣል፤ እዚያ ውስጥ ግን ክር አይነቃነቅም። ገላባት ላይ አምባው እጄን ያነሳባት ዝጓ ድንኳን ናት።

«ይህችን ከየት አመጣሃት?» አልሁት። እግሬን ማሸቱን ቀጠለ። «እያወቅህ ነው?» አልሁት። «እያወቅሁ ነው» አለ። «ለምን?» አልሁት። «ይቅር በለኝ» ብቻ ይላል፤ እግሬን አልለቀቀም። እኔ ነኝ እግሬን ከእጁ የነጠቅሁት። በማግስቱ የድርጅቱ ሰው መጥቶ ጣቶቼን አየና «ይሄን ቆለኛ አውርዱት፤ ይሞትብናል» አለ። ሥራው ለአምባው ሆነ። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ለአንድ ደመወዝ ብሎ፣ የቀበረውን ልጅ አባት። ወደ ቆላ ስወርድ መንገዱን ሙሉ አላለቀስሁም፤ ቤቴ ገብቼ የሺን ሳያት ነው ያለቀስሁ። እሷም አብራኝ አለቀሰች።

ማስተዋል እዚሁ ተወለደች። ወባ በየክረምቱ እየመጣ ጠየቃት፤ እግዜር ይስጠው፣ ሳይወስዳት ሄደ። ለክርስትናዋ አምባው ከስሜን በነጋዴ ገብስና አንድ እንስራ ማር ላከ። ገብሱንም ማሩንም ባመጣው በቅሎ ጀርባ መለስሁት። እናቱ ሞታ መርዶው ሲደርሰን ለቅሶ አልሄድሁም። በአገራችን ጠላትም ቢሆን ለቅሶ ይደረሳል፤ እኔ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት ስሙ የተነሳው ለእርግማን ብቻ ነው። ሰሊጥ ሲረክስ፣ ዝናብ ሲያጥር፣ ወገቤን ሲያመኝ፣ «ያ ዘሩ አይባረክ» እላለሁ። ሰላሳ ዓመት ይሆነዋል። አንዳንዱን ሰው ቂም ያከሳዋል ይላሉ፤ እኔን እንጃ፣ ያቆመኝ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ለማስተዋል በዚያ እሑድ ነገርኋት፤ እስከዚያ ድረስ አልሰማችውም ነበር፣ የምታውቀው እርግማኑን ብቻ ነው። ልጅቱ ድንኳኗን እያጣጠፈች በዝምታ ሰማችኝና፣ ስጨርስ አንገቷን ደፋች። «አባየ» አለች፣ «እንግዲህ አንድ ነገር ልንገርዎ። ተራራ ላይ የሚመራን ልጅ ጌትነት ይባላል። ደባርቅ ነው የሚኖር። የአባቱ ስም አምባው ነው፤ እሱም በዚያው ተራራ ለፈረንጅ ድንኳን ሲተክል ያረጀ ሰው ነው አሉ።»

«አትሄጅም» አልኋት። «የእባብ ልጅ እባብ ነው። አባቱ እኔን በበረዶ ሊገድለኝ ነበር፤ ልጁ ደግሞ አንችን ከገደል ይጥልሽ? ሰው ጠፍቶ ነው? ድንኳኑን ነገ ወስደሽ መልሽ።» ብዙ ነገር ተናገርሁ። ሽማግሌ ሲቆጣ አፉ ልጓም የለውም። የአምባውን ሰባት ትውልድ አንድ በአንድ እያነሳሁ ስጥል፣ የሺ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች።

«ይበቃሃል» አለች። «ሰውየውን ተወው። እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነው አንች የሆንሽው?»

«መረቧን ድንኳን ያስያዝሁህ እኔ ነኝ። በደምሌ አጥንት ብዬ እግሩ ላይ ወድቄ ነው የለመንሁት። ልጄን እዚህ አፈር ውስጥ ብቻውን ጥዬ የትም አልሄድም ነበር። አንተ ደግሞ በልብህ ጨርሰህ ነበር። ስለዚህ ‹አበልጄ፣ በርዶት ይመለስልኝ፣ ሥራውን ጠልቶት ይምጣልኝ፣ ግን እንዳይሞት፣ ከደጃፉ እንዳትርቅ› አልሁት። አልሆንም አለኝ። ሦስት ቀን ለመንሁት። ለማንም ላይናገር ማለ፤ እንደማለ ቀረ።»

ማስተዋል የያዘችውን የድንኳን ዘንግ መደቡ ላይ አኖረችው። እኔ የሺን አየኋት። ገብሱን ስመልስ አጠገቤ ቆማ ነበር። የእናቱ መርዶ ሲመጣ ውኃ ያቀበለችኝ እሷ ናት። ዘሩ አይባረክ ባልሁ ቁጥር እዚያው ማዕድ ላይ ነበረች፤ ትሰማለች፣ ትጎርሳለች። አምባው አንድ ቀን ነው የከዳኝ። እሷ ግን በየቀኑ፣ ከኔው ጋር ከአንድ ገበታ እየበላች። እንዲህ ያለ መክዳት እንዳለ አላውቅም ነበር። ያ በረዶ እንደ ገና ደረቴ ላይ የወረደብኝ መሰለኝ። ብመታት ደስ ባለኝ፤ እጄ ግን አርጅቷል፣ እሷም አርጅታለች።

«አንድ ቃል ብትነግሪኝ» አልኋት። «ልጄን ጥዬ አልሄድም ብትይኝ እኮ እቀር ነበር። የኔም ልጅ ነው።»

የሺ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እሱም እንደዚሁ ብሎኝ ነበር» አለች። «‹ለኔ ከምትነግሪኝ ለሱ ንገሪው፤ አበልጄን አውቀዋለሁ፣ ይቀርልሻል› ብሎ እሱም በተራው ለመነኝ። እኔ አላመንሁም።»

ውጭ አንድ ከባድ መኪና ወደ ጉምሩኩ እያጓራ አለፈ፤ ሰፌዱ ላይ ያለው ሰሊጥ ተንቀጠቀጠ። ማስተዋል ቀስ ብላ ድንኳኑን ጠቅልላ ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባየ?» አለችኝ።

«ከልጁ ጋር ሂጂ» አልኋት። «ደባርቅ ስትደርሽ መጀመሪያ አባቱ ቤት ግቢ። ጉልበቱን ሳሚልኝ። ሳሚውና፣ አባየ ‹እቀር ነበር› ብሎሃል በይልኝ።»

የሺ ቀና ብላ እንዳየችኝ ታወቀኝ። እኔ ወደ እሷ አልዞርሁም።